ልጆች ሲለምኑ ለምን አያፍሩም? ከሐዋሳ የተከፈተ የኢንተርኔት ውይይት (ክር)፣ ከነመልሶቹ

መነሻ ጽሑፍ

ሐዋሳ ውስጥ እሑድ እሑድ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች አስተምራለሁ። ክፍላችን የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው ዝናብ ሲወርድ ትምህርቱ ይቆምና መዝሙር ይጀመራል። በየሳምንቱ ልጆቹን ከመሸኘቴ በፊት ማን መጸለይ እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ። ሁሉም እጃቸውን ያወጣሉ፤ ተራ ያልደረሰው ያኮርፋል። ይኸው ጥያቄ በትልልቆቹ ጉባኤ ሲቀርብ ግን ሰው ሁሉ የጫማውን ጫፍ መመርመር ይጀምራል።

ከልጆቹ የአንዱ አባት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው። ልጁ ተራው ሲደርስ ዓይኑን በመዳፎቹ ሸፈነ፤ በጣቶቹ መካከል እንደሚያጮልቅ ይታየኛል። ነገ የአባቱ መረብ በቆሮሶ እንዲሞላ ለመነ። ትንሽ አሰበና አምባዛ እንዳይሆን ጨመረበት፤ አምባዛ ብዙ ገዢ የለውም። አሜኑን በቅጡ ሳይጨርስ ወደ ኳሱ ሮጠ።

እኔ ለብዙ ጊዜ የምጸልይበት አንድ ጉዳይ አለኝ። ጸሎቴ ግን ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ ይመስላል፦ መጀመሪያ አክብሮት፣ ቀጥሎ ከላይ በርዕሱ የተጠቀሰው ጉዳይ፣ ከዚያ እስከ ዛሬ ለተደረገልኝ ምስጋና፣ በመጨረሻም ጥያቄዬ ተቀባይነት ባያገኝ ቅር እንደማይለኝ የሚያረጋግጥ አንቀጽ። ያ የመጨረሻ አንቀጽ ትሕትና መሆኑን አሁን እጠራጠራለሁ። ሳላገኝ ብቀር እንዳላፍር አስቀድሜ የማዘጋጀው መከላከያ ይመስለኛል።

እናም እጠይቃለሁ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ የእግዚአብሔርን መንግሥት እንደ ሕፃን ያልተቀበለ እንደማይገባባት ተጽፏል። ከሕፃኑ ምኑን እንድንወስድ ነው? አለማወቁን? የዋህነቱን? በእኔ አስተያየት የሚፈለገው ያ ሳያፍሩ መለመኑ ነው። ትልቅ ሰው ጸሎቱን የሚያለዝበው ስለ እግዚአብሔር ክብር ተጨንቆ ሳይሆን ስለ ራሱ ክብር ተጨንቆ ነው። የማይስማማ ካለ ይጻፍ።

(ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይተው ለሚገቡ ሰዎች መልሶቹን በራሴ አነጋገር፣ በተራ ቁጥራቸው ከታች አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1

ከአዳማ የጻፈች እናት ተስማማች። ልጇ ከመተኛቷ በፊት የቤቱን ሰው በሙሉ በስም እየጠራች ስትጸልይ የጎረቤቱን ውሻ ሳትጨምር አታልፍም። ውሻው ደግሞ እናትየውን አንድ ቀን የነከሳት ነው። ጠላትን መውደድ እንዲህ ከሆነ እርሷ ገና መሆኗን ጽፋ አለፈች።

መልስ 2

ሐዋሳ ገብርኤል አካባቢ ያደገ ዲያቆን ነው። በትሕትና ጀምሮ ቆንጠጥ አድርጎኛል። ነገሩን እንደ አዲስ ግኝት ማቅረቤ ገርሞታል። በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን ከተማው በምእመናን ተጥለቅልቆ፣ አልጋ ጠፍቶ፣ ሰው በየዘመዱ ቤት ተደራርቦ እያደረ የሚከበረው በዓል የአንድ ሕፃን እምነት የሚነገርበት መሆኑን አስታወሰኝ። ቅዱስ ቂርቆስ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ውኃ ወደሚፈላበት ጋን ሲወሰዱ የውኃው ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማ ነበርና እናቲቱ ፈራች። ሕፃኑ አልፈራም። ስለ እናቱ ጸለየ፤ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያዳነ አምላክ እነርሱንም እንደሚያድን ነግሮ አጸናት። መልአኩ ገብርኤልም ውኃውን አቀዘቀዘው።

ዲያቆኑ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳስተውል ፈለገ። የእኔ ተማሪ ዓሣ ለመነ፤ ቂርቆስ ግን ጋኑ እንዲቀር ከመጠየቁ በፊት የእናቱ ፍርሃት እንዲርቅ ጠየቀ። የሕፃን ድፍረት ብቻውን አይበቃም፣ የሚለምነውም ይታይ ነው ሐሳቡ። እኔ በበዓሉ ቀን ባጃጅ በማጣት የማማርር የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ስለ ማን እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም ነበር።

መልስ 3

ይህኛው ትምህርቱን በሥነ ልቦና ያጠና ነው፤ አክባሪ ነው፣ አይምርም። የሕፃን እርግጠኝነት እምነት ሳይሆን የዕድሜ ጉዳይ መሆኑን ጻፈ። የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ትንንሽ ልጆች ጨረቃ እየተከተለቻቸው እንደምትሄድ እንደሚያምኑ መዝግቧል፤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ምኞትና ዓለም ገና አልተለያዩም። የእኔ ተማሪ እግዚአብሔር ቆሮሶ እንደሚሰጠው የሚያምነው፣ ካላንቀላፋ አያ ጅቦ እንደሚወስደው በሚያምንበት መጠን ነው። ሁለተኛውን ሲያድግ እንዲተወው እንፈልጋለን፤ የመጀመሪያውን እንዲይዘው የምንፈልገው በምን ሚዛን ነው? በመጨረሻም ሐዋርያው ራሱ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ጎልማሳ ሲሆን የልጅነትን ጠባይ መሻሩን እንደጻፈ አስታውሶ ቋጨ።

መልስ 4

ዓሣውስ ተገኘ ወይ የሚል አንድ መስመር ነው። ከሁሉም መልስ ብዙ ሰው የወደደው ይህን ነው።

መልስ 5

የራሴ ነው። አልተገኘም፤ በማግስቱ መረቡ ላይ የወጣው ብዙው አምባዛ ነበር። ይህን የነገረኝ አባትየው ነው፣ እየሳቀ። ልጁ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና እጁን አወጣ። ያንኑ ለመነ፤ ቆሮሶ ይሁን፣ አምባዛ አይሁን። አላኮረፈም፤ ያለፈውን ሳምንት አላነሳም፤ ልመናውን አላሳነሰም፣ አላሳመረምም። የመልስ 3ን ጸሐፊ የምለየው እዚህ ላይ ነው። የልጁ መተማመን በውጤቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ጠዋት ያልቅ ነበር። እንዳየሁት ግን በሚለመነው አምላክ ላይ ነው፤ ባያገኝም ወደዚያው ይመለሳል።

መልስ 6፣ 7 እና 8

ክሩ እዚህ ላይ ወደ ሐይቁ ገባ። ስድስተኛው ሰው የሉቃስ ወንጌል 11፥11ን አወጣ፤ ልጁ ዓሣ ቢለምነው በዓሣ ፋንታ እባብ የሚሰጥ አባት እንደሌለ የተጻፈበትን። ቀጥሎም አምባዛ ከዓሣ ወገን ነው ከእባብ ወገን ብሎ ጠየቀ። ሰባተኛዋ ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን እንደሚከለክል፣ አምባዛም ቅርፊት እንደሌለው አስረድታ ልጁ ሳያውቅ ሕጉን ጠብቋል አለች፤ ሌላው ደግሞ በዚያው ቁጥር ስር ገብቶ በሐዋርያት ሥራ 10 ለጴጥሮስ የታየውን ራእይ ጠቀሰባት፣ አምባዛ በሚጥሚጣ ተጠብሶ ምን እንደሚመስልም በዝርዝር ጻፈ። ርኃብ የቀሰቀሰ መልስ ነበር።

ስምንተኛው ግን ከሐይቁ የሚበላ ሰው ነው፤ ለቀልድ ጊዜ አልነበረውም። ቆሮሶ የጠፋው ጸሎት ስላልተሰማ ሳይሆን ዓይኑ በጠበበ መረብ ገና ያልደረሰው ዓሣ ሁሉ እየተለቀመ ስለሚወጣ ነው አለ። ጫጩቱን ዛሬ ያወጣ ሰው ለነገ እናቲቱን ከየት ያመጣል? ልጁ የሚጸልየው ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ መረቡ ቢሆን እንደሚሻል ጽፎ፣ የአባቱን መረብ ዓይን እንድለካ መከረኝ። አልለካሁም። አባትየው የሚሰማበትን ጊዜ ጠብቄ ግን ነገሩን አንስቻለሁ፤ ሁሉም በጠባቡ እያጠመደ እርሱ ብቻ በሰፊው ቢያጠምድ ልጁ ምን እንደሚበላ ጠየቀኝ። ለዚህ መልስ የለኝም።

መልስ 9

ከዚህ በኋላ ሳቁ ቆመ። የጻፈችው በሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። የሕፃን ጸሎት ይሰማል የሚለው አነጋገራችን ምን እንደሚያደርግ ያየችውን አንድ ጉዳይ አቀረበች። አንዲት አያት ታመው ሳለ የቤቱ ሰው ሁሉ ለልጁ አንተ ጸልይ፣ የአንተ አይመለስም ይለው ነበር። አያትየው አረፉ። ልጁ ከሳምንታት በኋላ ሆዱን እያመመው ወደ ሐኪም ቤት መጣ፤ በምርመራ ምንም አልተገኘበትም። ነርሷ ልብሱን እያስተካከለችለት ሳለ፣ በዚያ ምሽት ጸሎቱን ሳይጨርስ እንቅልፍ እንደወሰደው ነገራት። በእርሱ ምክንያት መሆኑን ያምን ነበር፤ አሜን ያላለው እርሱ ነው።

ነርሷ እኔን አልወቀሰችም፤ ግን የልጅን ጸሎት ለትልቅ ሰው ማስተማሪያ ስናደርግ ልጁ ላይ የምንጭነውን እንድናይ ጠየቀች። ከልጅ እንማር ማለት አንድ ነገር ነው። ትልልቆቹ ያቃታቸውን ልመና ለልጅ ማሸከም ሌላ ነው።

መልስ 10፣ 11 እና 12

እነዚህ ሦስቱ የክሩ ስለታም ክፍል ናቸው። አሥረኛዋ ልጅ የቀበረች እናት ናት። ሳይጠራጠሩ ስለ መለመን የሚጻፍ ነገር ባየች ቁጥር፣ በለቅሶው ሰሞን እምነትሽ ቢጸና ኖሮ ያሏት ሰዎች ድምፅ እንደሚመለስባት ጻፈች፤ የእኔም መነሻ ጽሑፍ ከዚያ ወገን ተቆጠረ። አሥራ አንደኛው ሰው ሊያጽናናት አልሞከረም። ያዕቆብ 1፥6ን አንሥቶ የሚጠራጠር ሰው በነፋስ እንደሚገፋ የባሕር ማዕበል ነው፣ ቃሉን ለሰው ስሜት ብለን አናለዝብም አለ።

አሥራ ሁለተኛው ተቆጣ። አወያዩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰርዞበታል፤ የቀረው ራሱ ያቃጥላል። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልራቀለትም፤ እርሱም ተጠራጣሪ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ዳዊት በ2ኛ ሳሙኤል 12 ስለ ታመመው ልጁ እየጾመ መሬት ላይ ተኛ፤ በሰባተኛው ቀን ልጁ ሞተ። ዳዊት ግን ተነሣ፣ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ከዚያ በላ። እምነትህ ቢጸና ኖሮ ብሎ ወደ ዳዊት የሚሄድ ካለ አሁን ይነሣ በሚል ድምዳሜ ላይ፣ በሐዘንተኛ ፊት ጥቅስ የሚመዝ ሰው ጥቅሱን ለማን እንደሚጠቀምበት እንዲያስብ አሳሰበ።

እኔ ከአሥራ ሁለተኛው ጋር ነኝ፤ በቃላቱ ግን አይደለም። ለእናቲቱም ጽፌላታለሁ፣ በግል።

መልስ 13

ጡረታ የወጡ የአዳማ መምህር ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ክር ላይ ሲገቡ ያለፈውን ሁሉ አንብበው ነው፤ ቁጥሩን እየጠሩ ይጽፋሉ። መልስ 2 ላይ ወደ ተነሡት ወደ ሦስቱ ልጆች መለሱን፣ ታኅሣሥ 19 ወደሚታሰቡት። ዳንኤል 3ን በጥንቃቄ እንድናነብ ጠየቁ። ሦስቱ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለጣዖቱ አንሰግድም አሉ። መምህሩ የጠየቁት፣ ባያድነን እንኳ የሚለውን ለማን ነው ያሉት? ለናቡከደነፆር ነው። ለሚያስፈራራቸው ንጉሥ ነገሩት እንጂ ለእግዚአብሔር የልመና መግቢያ አላደረጉትም።

ጌቴሴማኒንም በዚሁ መንገድ አዩት። ጌታ መጀመሪያ የለመነው ጽዋው እንዲያልፍለት ነው፤ ልመናው ግልጽ ነው፣ አልተሸፋፈነም። ፈቃድህ ይሁን የሚለው ከዚያ በኋላ መጣ፣ በላብና በጭንቀት። እኛ ግን ሁለተኛውን እናስቀድምና የመጀመሪያውን ሳንናገር እንቀራለን፤ ልመናው ያልተነገረ ሰው ደግሞ ምኑን አሳልፎ ሰጠ ይባላል? የእኔን ማመልከቻ በዚህ ተረዱልኝ፣ ለአሥረኛዋ እናትም በጣም ለስላሳ ሦስት መስመር ጽፈዋል። ለእርሷ የጻፉትን እዚህ አልደግመውም፤ ክሩ ውስጥ ገብቶ ማንበብ ይሻላል።

መልስ 14፣ 15 እና 16

አንዲት ሙስሊም እናት፣ እርሷም ከሐዋሳ፣ ነገሩ በእነርሱም ዘንድ እንዳለ ጻፈች። ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ሶላት እንዲማሩ ይደረጋል፤ ዝናብ ሲጠፋ በሚሰገደው ሶላትም ሕፃናትና አረጋውያን አብረው ቢወጡ መልካም ነው ይባላል። የእርሷ ልጅ ከመውጣቱ በፊት ጃንጥላ ፈልጎ አስቸገራት፤ ከትልልቆቹ አንድም ሰው ጃንጥላ አልያዘም ነበር። አሥራ አምስተኛው ሰው በዚህ ክር ምን አገባሽ የሚል ነገር ጻፈ። ዲያቆኑ ተመልሶ መጥቶ ሥርዓት አስያዘው፤ በዮናስ መጽሐፍ መጨረሻ እግዚአብሔር ስለ ነነዌ ሲናገር ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 በላይ ሰዎችን ማንሣቱንና ብዙዎች እነዚህን ሕፃናት ናቸው እንደሚሉ አስታወሰ፤ ነነዌም የእስራኤል ከተማ አልነበረችም። ነገሩ በዚህ አበቃ።

መልስ 17

አንድ ኦርቶዶክሳዊ አባት፣ እኛ ልጆችን በራሳቸው ቃል እንዲጸልዩ ስናደርግ የተጻፈውን ጸሎት የናቅን እንዳይመስለን ሰጋ። የእርሱ ልጅ አቡነ ዘበሰማያትን በቃሏ ታደርሳለች። ግን የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም ትልና በዶሮ ብላ ትጨምራለች። በዐቢይ ጾም አያቷ ሰምተው ገሠጿት፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ፋሲካ ወደ ሽሮ አስተካክላዋለች። በጸሎቱ ውስጥ ፈቃድህ ትሁን የሚለውና የዕለት እንጀራ ስጠን የሚለው ጎን ለጎን እንደቆሙ፣ አንዱም ሌላውን እንዳላስፈራራው ነው ያሳየን። መምህሩ ሥሩ ገብተው አመስግነውታል።

መልስ 18 እስከ 20

ስለ ድምፅ ማጉያ ነው። አንዱ ሌሊት በሚለቀቀው ድምፅ ሕፃን ልጁ ስለማይተኛ በየአቅጣጫው ያሉት ሁሉ እንዲቀንሱ ጠየቀ፤ ሁለቱ ማን ይበልጥ እንደሚጮህ ተከራከሩ። አለፍኩት።

መልስ 21

ነርሷ ተመለሰች፣ በተግባር ጥያቄ። የለመነው ያልሆነለትን ልጅ ምን እንበለው? ትልቁ ሰው ዳዊትን ያነብባል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ማታ አልጋው ላይ ነው የሚጠይቀው፣ መብራት ከጠፋ በኋላ።

መልስ 22

እኛ ክፍል የምናደርገውን ጻፍኩ። ውጤቱ በእርሱ ጸሎት ላይ እንደተንጠለጠለ ለልጅ አንነግርም፤ የታመመ ሰው ሲኖር መጀመሪያ ትልልቆቹ ይጸልያሉ፣ ልጁ ከፈለገ ይጨምራል። እንቅልፍ ቢወስደው እግዚአብሔር እንደማይተኛ እንነግረዋለን። ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ቶሎ ማብራሪያ አንሰጥም፤ እንዲያማርር እንፈቅድለታለን፤ መዝሙረ ዳዊት 13 የሚጀምረው እስከ መቼ በሚል ጥያቄ ነውና። ለምን ሞተች ካለ፣ አላውቅም እላለሁ። ይህን ቃል ከአስተማሪ ሲሰሙ ልጆች ይደነቃሉ እንጂ አይሸበሩም።

መልስ 23

የመልስ 3 ጸሐፊ የመጨረሻ ክርክሩን አመጣ፤ ከሁሉም የከበደኝም ይኸው ነው። መተማመኑ በሚለመነው ላይ ነው ማለቴን ተቀበለ። ነገር ግን ልጅ ይህን መተማመን የተማረው ከሰማይ ሳይሆን ከቤቱ ነው አለ። አሞራ ገደል ሄዶ የሚመለስ አባት አለው፤ ዓሣ ባያመጣም ራሱ ይመጣል። አባቱ ሳይመለስ የቀረበት ልጅስ? መነኸሪያው አጠገብ በካርቶን ላይ የሚያድረውን ልጅ ጸልይ ብትለው በምን ድፍረት ነው የሚለምነው? ከልጅ እንማር ስንል በደንብ ከተያዘ ልጅ እንማር ማለታችን መሆኑን አምነን እንናገር።

ትክክል ነው ብዬ ጻፍኩለት። የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዲያ ከሆነ ልጅን ጸሎት የማስተማር ሥራ ግማሹ በሰዓቱ ቤት መግባት ነው።

መልስ 24 እና ከዚያ ወዲህ

እዚያው መነኸሪያ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ለጎዳና ልጆች ቁርስ የሚያቀርብ ወጣት ክሩን በሙሉ አንብቦ ትንሽ የተናደደ ይመስላል። ስለ እነርሱ በሌሉበት ከመከራከር መጥቶ ማየት እንደሚሻል ጻፈ። ልጆቹ ከምግብ በፊት መጸለይ ይወዳሉ፤ የሚለምኑትም ብዙ ጊዜ ለሌላው ነው፣ ትናንት ፖሊስ ስለወሰደው፣ እግሩን መኪና ስለነካው። መተማመናቸውን ከየት እንዳመጡት እርሱም አያውቅም። የሚያውቀው የሚቀዱ እጆች እንዳነሱት፣ ዳቦው እንደሚበቃና ሳሙና ግን እንደሌለ ነው።

የመልስ 3 ጸሐፊ የት እንገናኝ ብሎ ጠየቀ። ነርሷ ቅዳሜ ተረኛ ስለሆነች በሌላ ቀን ቁስል ለማጠብ እንደምትመጣ ጻፈች። ዲያቆኑ ሁለት ጓደኞቹን እንደሚያመጣ፣ እኔም እንደምመጣ ጻፍን። እስከ አሁን የመጨረሻው መልስ 31ኛው ነው፤ ሳሙናው የገላ ይሁን የልብስ ተብሎ የተጠየቀበት። ወጣቱ ሁለቱንም ብሏል።